ከብራና ህዳግ እስከ ኮምፒዩተር ገጽ

ከጐንደር ተነሥቶ በወገራ በኩል ወደ ሰሜን የሚያቀና መንገደኛ ዳባትን፣ ከዚያም ደባርቅን አልፎ ሊማሊሞ አፋፍ ላይ ሲቆም፣ ከፊቱ የተዘረጋው ገደልና ተራራ የአካባቢውን ሕዝብ የኑሮ ትግል ሳይናገር ያስረዳዋል። በዚህ አገር አንድ ገበሬ ለጉዳይ ወደ ወረዳ ሲመጣ የሚከፍለው ቀኑን ብቻ አይደለም፤ ጉልበቱንም ጭምር ነው። ስለዚህ በመሥሪያ ቤቱ መስኮት በኩል የሚሰጠው መልስ፣ «አለ» ወይም «የለም» የሚለው አጭር ቃል፣ ለእርሱ ከባድ ቃል ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በዚሁ አካባቢ በአንድ መሥሪያ ቤት ወረፋ ስጠብቅ የሆነውን ልጥቀስ። ጋቢያቸውን ያጣፉ አንድ አዛውንት ከጸሐፊዋ ፊት ቆመዋል። ወጣቷ በኮምፒዩተሩ ላይ ስማቸውን ስትፈልግ ከቆየች በኋላ፣ «አባቴ፣ ስምዎ መዝገቡ ላይ የለም» አለቻቸው። አዛውንቱም፣ «ልጄ፣ ባለፈው ዓመት እዚሁ ወንበር ላይ ሆነሽ አንቺው አይደለሽም የጻፍሽኝ?» ሲሉ መለሱላት። ልጅቷ አፈረች፤ እንደገናም ሞከረች። «ኃይሉ» ብላ ጻፈች፤ የለም። «ኀይሉ» አለች፤ የለም። «ሐይሉ» አለች፤ አሁንም የለም። በመጨረሻ «ሀይሉ» ብላ ስትጽፍ አዛውንቱ ከነአባታቸውና ከነአያታቸው ብቅ አሉ። እርሳቸውም በትካዜ ፈገግ ብለው፣ «እኔ አንድ ሰው ነኝ፤ ይኼ መኪና ግን አራት አደረገኝ» አሉ።

ጥፋቱ የጸሐፊዋ አልነበረም፤ የአዛውንቱም አልነበረም። መሣሪያውን ያበጁት ሰዎች ሳያስቡት ያለፉት አንድ ነገር ነበር፤ ይኸውም ወጥነት ነው። አንዱን ያወቀ ሌላውንም እንዲያውቅ፣ አንዱን መዝገብ የከፈተ ሁሉንም መክፈት እንዲችል የሚያደርገው የቅርጽ፣ የቃልና የሥርዓት አንድነት ማለት ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ ይህ አሳብ በሀገራችን ምን ያህል ጥንታዊ እንደሆነ፣ በየዘመኑ መሣሪያ ሲለወጥ እንዴት እንደ ጠፋና እንደ ተገኘ፣ ዛሬም በየቢሮው በተከማቹት ሶፍትዌሮች ፊት ምን እንደሚጠይቀን ለማሳየት እንሞክራለን።

፩. የቁም ጸሐፊው ሥርዓት

እንደሚታወቀው የስሜንና የወገራ አብያተ ክርስቲያናት የብራና መጻሕፍት አገር ናቸው። ደጃዝማች ውቤ ያሠሩት፣ በ1847 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ዘውድ የጫኑበት ደረስጌ ማርያም የሚገኘውም በዚሁ በስሜን ነው። እንግዲህ የድሮው ቁም ጸሐፊ ገና ብዕሩን ቀለም ሳይነክር የሚሠራውን ሥራ እንመልከት። ብራናውን በወስፌ ይወጋል፤ ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳ መስመር ያሰምራል፤ የራስጌውን፣ የግርጌውንና የጐኑን ህዳግ ይለካል። ዳዊት ሲሆን በአንድ ዓምድ፣ ተለቅ ያለ መጽሐፍ ሲሆን በሁለት ወይም በሦስት ዓምድ ይከፍለዋል። ከዚያ በኋላ ጥቁሩ ቀለም ለንባቡ፣ ቀዩ ቀለም ለመክፈቻውና ለቅዱሳት ስሞች ይሆናል። በቃልና በቃል መካከል ሁለት ነጥብ፣ በዐረፍተ ነገር መጨረሻ አራት ነጥብ ይቀመጣል። አዲስ ክፍል ሲጀመር ከገጹ ራስ ላይ ሐረግ ይሣላል።

ይህ ሁሉ ለጌጥ ብቻ የተደረገ አይደለም። ዲያቆኑ በጧፍ ብርሃን መጽሐፉን ገልጦ የዕለቱን ንባብ ቶሎ ማግኘት አለበት። ቀዩ ቀለም ዓይኑን ይመራዋል፤ ሐረጉ «እዚህ ጀምር» ይለዋል። በደባርቅ ማንበብ የተማረ ሰው በጐጃም የተጻፈ መጽሐፍ ቢሰጡት የገጹ ሥርዓት እንግዳ አይሆንበትም። ጸሐፊዎቹ የማይተዋወቁ፣ በዘመንም በቦታም የተራራቁ ቢሆኑም፣ አንባቢው ግን በሁሉም ዘንድ አንድ ዓይነት መስተንግዶ ያገኛል። የኮምፒዩተር ባለሙያዎች ዛሬ በብዙ ድካም የሚፈልጉት የገጽ አደረጃጀት ወጥነት ይህ ነው።

ፊደሉ ራሱም የዚሁ ጥበብ ምስክር ነው። «ለ፣ ሉ፣ ሊ» ያለ ሕፃን «በ፣ ቡ፣ ቢ» ሲመጣበት ግማሹን መንገድ ሄዶታል፤ ካዕቡ ከወገቡ፣ ሣልሱ ከእግሩ ቅጥል እንደሚያወጣ፣ ኃምሱ ከግርጌው ቀለበት እንደሚይዝ ዓይኑ ተምሯል። «ሩ» እና «ሪ» ላይ ሲደርስ ግን ይደናቀፋል፤ ሳድስና ሳብዕ ላይማ ሥርዓቱ በየፊደሉ ስለሚለያይ በቃል መያዝ ግድ ይሆንበታል። መምህራን ሁሉ የሚያውቁት ነገር ነው፤ ሥርዓቱ በጸናበት ቦታ ተማሪው ይሮጣል፤ ሥርዓቱ በላላበት ቦታ ያዘግማል።

፪. ሞዴል 19

ከቤተ ክህነቱ ወጥተን ወደ ቤተ መንግሥቱ ሥራ ስንመለከት ደግሞ ሌላ ወጥነት እናገኛለን። የመንግሥት ሠራተኛ የሆነ አንባቢ «ሞዴል 19» ሲባል ትርጓሜ አያስፈልገውም። ዕቃ ወደ ግምጃ ቤት ሲገባ በሞዴል 19፣ ዕቃ ሲጠየቅ በሞዴል 20፣ ዕቃ ሲወጣ በሞዴል 22፣ ጥሬ ገንዘብ ሲሰበሰብ በሞዴል 64 ነው። የዳባት ንብረት ክፍል ሠራተኛ ወደ አርባ ምንጭ ወይም ወደ ድሬዳዋ ቢዛወር ቋንቋው ሊከብደው፣ አየሩ ላይስማማው ይችላል፤ ቅጹ ግን ያውቀዋል፤ እርሱም ቅጹን ያውቀዋል። ቁጥሩ ከወረቀቱ አልፎ የሕዝብ ቃል ሆኗል፤ «በሞዴል ገቢ ይሁን» ሲባል ማንም ሰው ይገባዋል።

ቅጽ የሚናቅ ነገር ይመስላል። ይሁን እንጂ አንድ ቅጽ በሀገር ሙሉ አንድ ሲሆን ሦስት ሰዎች ይጠቀማሉ። ሠራተኛው የተማረውን ይዞ ይዛወራል፤ ኦዲተሩ የት ቦታ ምን እንደሚፈልግ ያውቃል፤ ባለጉዳዩም ምን መቀበል እንደሚገባው ስለሚያውቅ በቀላሉ አይታለልም። ወጥነት የአስተዳደር ምቾት ብቻ ሳይሆን የደካማው ወገን መከላከያ ነው የምንለው ስለዚህ ነው።

፫. ማሽኑና ፊደሉ

የጽሕፈት መኪና ሲመጣ ግን ወጥነት ሌላ ገጹን አሳየ። የአማርኛው ፊደል 33 ቤት በሰባት ቅርጽ ሲባዛ 231 ነው፤ ዲቃሎቹና አኃዞቹ ሲጨመሩ ከ250 ይበልጣል። ለላቲን ፊደል የተሠራው መኪና ደግሞ ሃምሳ የማይሞላ ቁልፍ አለው። ኢንጂነር አያና ብሩ በ1920ዎቹ ዓ.ም. የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ለመሥራት ሲደክሙ የገጠማቸው ዋነኛ ፈተና ይህ ነበር። በኋላም ኦሊቬቲን የመሰሉ ኩባንያዎች የአማርኛ መኪና ሠርተው አቀረቡ። መላው ፊደል በቁልፎቹ ላይ ስለማይበቃ፣ ፊደሉን ከነቅጥሉ በአንድ ምት በመጻፍ ፈንታ ግንዱን ለብቻ፣ ቅጥሉን ለብቻ መምታት ግድ ሆነ።

ውጤቱ ሁለት መልክ ነበረው። በአንድ በኩል፣ በመኪናው የሠለጠነ ጸሐፊ ጣቶቹ ሳያዩ ቁልፉን ያገኙ ነበር፤ ተመሳሳይ መኪና ባለበት ቢሮ ሁሉ ገብቶ መሥራት ይችል ነበር። በሌላ በኩል፣ ፊደሉ ከመልኩ ጐደለ፤ ቅጥሉ ከግንዱ የተላቀቀ፣ ቀለበቱ ከእግሩ የሸሸ ሆኖ ይታይ ነበር። ቁም ጸሐፊው መሣሪያውን ለፊደሉ አስገዝቶ ነበር፤ አሁን ፊደሉ ለመሣሪያው ተገዛ። እንግዲህ ወጥነት ሁለት ዓይነት መሆኑን ከዚህ እንረዳለን። አንደኛው ከሰው ሥራና ልማድ የሚነሣ ነው። ሁለተኛው ከመሣሪያው ድክመት የሚነሣና በሰው ላይ የሚጫን ነው። ሁለቱ ከሩቅ ሲያዩአቸው ቢመሳሰሉም በሥራ ላይ አንድ አይደሉም።

፬. የዝብርቅርቅ ዘመን

ኮምፒዩተር ሲመጣ የቁልፍ ማነስ ችግር ተቃለለ፤ በምትኩ የአንድነት ማጣት ችግር ተወለደ። ፊደሉን በኮምፒዩተር ለመጻፍ በሀገር ውስጥም በውጭም ያሉ ኢትዮጵያውያን ተሽቀዳደሙ። ይህ ጥረት ሊመሰገን ይገባዋል፤ የውጭ ኩባንያ እስኪያስብልን ድረስ ሳይጠብቁ ፊደላችንን ከማሽኑ ጋር ያስተዋወቁት እነርሱ ናቸው። ፓወር ግዕዝ፣ ቪዥዋል ግዕዝ፣ ዋሽራ የተባሉትን የማያስታውስ የዚያ ዘመን ጸሐፊ የለም። ይሁን እንጂ እያንዳንዱ የራሱን የቁልፍ አቀማመጥና የራሱን የቁጥር ሥርዓት ይዞ መጣ። በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት የማይነበብ የምልክት ክምር ይሆን ነበር። ተውኔት ጽፎ በዲስክ ወደ ማተሚያ ቤት የላከ ደራሲ፣ ሥራው ዝብርቅርቅ ብሎ ሲጠብቀው የደረሰበትን ድንጋጤ ብዙዎቻችን ቀምሰነዋል።

በዚያው ዘመን በሌላው ዓለምም ተመሳሳይ ትግል ይካሄድ ነበር። በቢሮ ውስጥ ያለው ሠራተኛ አንዱን ፕሮግራም ተምሮ ወደ ሌላው ሲዛወር እንደገና ከሀሁ ይጀምር ነበር። አይ ቢ ኤም የተባለው ኩባንያ በ1987 እ.ኤ.አ. «ኮመን ዩዘር አክሰስ» የሚል ደንብ አውጥቶ፣ ፕሮግራሞች ሁሉ ዝርዝራቸውን፣ ቁልፋቸውንና መልእክታቸውን በአንድ ሥርዓት እንዲያቀርቡ አሳሰበ። «ኤፍ 1» የሚለው ቁልፍ እርዳታ መጥሪያ ሆኖ የጸናው በእንዲህ ዓይነቱ ሥርዓት ነው። አፕልም በዚያው ዓመት የገጽ አሠራር መመሪያውን በመጽሐፍ መልክ አሳተመ። አሳቡ ቀላል ነበር፤ በአንዱ ፕሮግራም ውስጥ ጽሑፍ ቆርጦ መለጠፍ የተማረ ሰው በሌላውም እንደዚያው ይቁረጥ፤ እንደዚያው ይለጥፍ። ቁም ጸሐፊዎቻችን በቀይና በጥቁር ቀለም የሠሩትን ሥራ እነርሱ በደንብ ቁጥር ጻፉት ማለት ነው።

ለእኛ ፊደል መፍትሔው የመጣው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። በዚያ ዓመት የወጣው ሦስተኛው የዩኒኮድ እትም የግዕዝን ፊደል ከዓለም ፊደላት ጋር በአንድ መዝገብ አስገባው፤ ለእያንዳንዱ ፊደልም የማይለወጥ ቁጥር ሰጠው። በ2007 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ ገበያ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታም «ኒያላ» የተባለ የግዕዝ ፊደል ቅርጽ ይዞ ወጣ። ከዚህ ወዲህ በደባርቅ የተጻፈ ደብዳቤ በዋሽንግተን ሲከፈት ያው ደብዳቤ ነው። በፊደል ደረጃ አንድነቱ ተገኘ።

፭. ዋልያና አይቤክስ

ኒያላ የባሌው የደጋ አጋዘን ስም ነው። የስሜኑ ዋልያም ባጋጣሚ በሌላ በኩል ወደ ኮምፒዩተሩ ገብቷል። በእንግሊዝኛ አይቤክስ ማለት የዋልያ ወገን የሆነው የዱር ፍየል ነው፤ የመንግሥትን በጀትና ወጪ በአንድ ላይ እንዲይዝ የተሠራው የሒሳብ ሶፍትዌርም በእንግሊዝኛ ስሙ መነሻ ፊደላት አይቤክስ ተባለ። ሥራው እስከ 2008 እ.ኤ.አ. ድረስ የሀርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች ከገንዘብና ኢኮኖሚ ልማት ሚኒስቴር ጋር ሆነው ያካሄዱት የፋይናንስ ማሻሻያ ክፍል ነበር።

ከሶፍትዌሩ ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው ከሶፍትዌሩ በፊት የተሠራው ሥራ ነው። የሒሳብ መደቡ አንድ ተደረገ። 6111 የቋሚ ሠራተኛ ደመወዝ፣ 6217 ነዳጅና ቅባት፣ 6231 የውሎ አበል ነው፤ በስሜን ተራራ ሥርም ሆነ በሶማሌ ሜዳ ትርጕሙ አንድ ነው። የወረዳ ሒሳብ ሠራተኞች መጀመሪያ ሥርዓቱን በእጃቸው ተማሩ፤ መኪናው የመጣው ከዚያ በኋላ የሚያውቁትን ሥራ ሊያፋጥንላቸው ነው። እዚህ ላይ ወጥነቱ ከሰው ሥራ ተነሣ፤ ማሽኑም ተከተለው።

በጤናው ዘርፍ የተደረገውም ከዚህ ጋር ይዛመዳል። የዳባት ወረዳ እዚህ ላይ የተለየ ታሪክ አለው። የጐንደር የሕክምና ሳይንስ ኮሌጅ፣ የዛሬው ጐንደር ዩኒቨርሲቲ፣ ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዳባት የሕዝብና የጤና ክትትል ጣቢያ አቋቁሞ ቤቱንም ሰውንም በቁጥር መዝግቦ ልደትን፣ ሞትንና ፍልሰትን ሲከታተል ቆይቷል። በሀገር አቀፍ ደረጃ ደግሞ ከ1995 ዓ.ም. በተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር የተሰማሩት ሴቶች፣ ለየበሽታውና ለየፕሮጀክቱ የተለያየ መዝገብ መሸከም ከብዷቸው ነበር። «አንድ ዕቅድ፣ አንድ በጀት፣ አንድ ሪፖርት» የሚለው መርሕ የወጣው ይህን የመሰለውን መበታተን ለማስቀረት ነው። የቤተሰቡ ሁሉ ወረቀት በአንድ ቦታ እንዲቀመጥ የቤተሰብ ማኅደር ተዘጋጀ። ማኅደር ማለት ጥንት የብራናው መጽሐፍ የቆዳ ከረጢት ነበር፤ ቃሉ አዲስ ሥራ አገኘ። ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ መሠረቱ በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የሚለማው ዲ ኤች አይ ኤስ 2 የተባለው ሥርዓት የጤና ተቋማትን ሪፖርት በአንድ ዓይነት ቅጽ ይሰበስባል።

፮. ስም፣ ቀንና ትእዛዝ

ታዲያ ይህ ሁሉ ከተሠራ የአዛውንቱ ስም ለምን ጠፋ? መልሱ፣ እያንዳንዱ ሶፍትዌር በየራሱ ቤት ሥርዓት ቢኖረውም በሶፍትዌርና በሶፍትዌር መካከል የጋራ ሥርዓት አለመኖሩ ነው። የሒሳቡ አንድ መልክ አለው፤ የመሬቱ ሌላ፤ የጤናው ሌላ። የሚጠቀሙባቸው ግን ያው ሕዝብና ያው ጥቂት ሠራተኞች ናቸው። ሦስት ምሳሌ እንጥቀስ።

የመጀመሪያው ስም ነው። ከውጭ የመጣ ሶፍትዌር «የቤተሰብ ስም» ይጠይቃል፤ የእኛ ሰው ግን የራሱ፣ የአባቱና የአያቱ ስም እንጂ የቤተሰብ ስም የለውም። አንዱ መሥሪያ ቤት የአያቱን፣ ሌላው የአባቱን በዚያ ቦታ ሲሞላ አንዱ ሰው ሁለት ይሆናል። በዚህ ላይ ሀ፣ ሐ እና ኀ፤ ሰ እና ሠ፤ አ እና ዐ፤ ጸ እና ፀ በአነጋገር አንድ ሆነው በጽሕፈት ይለያያሉ። መፍትሔው ፊደል መሰረዝ አይደለም። ሰው እንደ ፈቀደው ይጻፍ፤ ማሽኑ ግን ሲፈልግ ሞክሼዎቹን እንደ አንድ ቈጥሮ ይፈልግ። ይህን ማድረግ ለባለሙያ አስቸጋሪ አይደለም፤ የሚያስቸግረው ሁሉም እንዲያደርገው መስማማቱ ነው።

ሁለተኛው ጊዜ ነው። የእኛ ዓመት 13 ወር አለው፤ በጀታችን ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ሰዓታችንም ከንጋት ይቈጠራል። አንዱ ገጽ በኢትዮጵያ፣ ሌላው በአውሮፓ አቈጣጠር ቀን ሲጠይቅ፣ የትኛው እንደሆነም ሳይገልጽ ሲቀር፣ ሕፃን ከመወለዱ በፊት የተከተበ ሆኖ ሊመዘገብ ይችላል። ጳጉሜን የማያውቅ መዝገብ ደግሞ በጳጉሜን የተወለደን ሕፃን ወዴት ያስገባዋል?

ሦስተኛው ቃል ነው፤ ይህ ለእኛ ለደራስያን ቅርብ ነው። በአንዱ ገጽ «አስቀምጥ»፣ በሌላው «መዝግብ»፣ በሦስተኛው «ሴቭ» ይላል፤ ሥራቸው አንድ ነው። የሚከፋው ግን አንድ ቃል ሁለት ሥራ ሲይዝ ነው። «ሰርዝ» በአንዱ ቦታ «የጀመርኩትን ልተወው» ማለት ሲሆን በሌላው «የተመዘገበውን አጥፋው» ማለት ሊሆን ይችላል። በመጀመሪያው የለመደች እጅ በሁለተኛው ላይ የአንድ ሰው መዝገብ ልታጠፋ ትችላለች። ደግሞም ማሽኑ ሰውን እንዴት ይጥራው? «ግባ» ቢል ሴቷን ዘነጋ፤ «ግቢ» ቢል ወንዱን፤ «ይግቡ» ቢል ሁለቱንም አከበረ። ተውኔት ጸሐፊ ገጸ ባሕርይው ማንን አንተ፣ ማንን እርስዎ እንደሚል ሳይወስን አንድ መሥመር አይጽፍም። ሶፍትዌርም ቀኑን ሙሉ ከሰው ጋር የሚነጋገር ገጸ ባሕርይ ነው፤ አነጋገሩን የሚጽፍለት ያስፈልገዋል።

፯. ሥርዓትና ነጻነት

ወጥነት ፈጠራን ይገድላል የሚሉ አሉ። ይህ ስጋት ከንቱ አይደለም፤ የጽሕፈት መኪናው በፊደላችን ላይ ያደረሰውን አይተናል። ነገር ግን ቅኔ ቤት የዋለ ሰው ሌላ መልስ ያውቃል። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት፣ ዘአምላኪየ ሦስት ቤት ነው፤ ተማሪው ቤቱን አይፈጥርም፤ ተሠርቶ ያገኘዋል። ቤቱ የታወቀ ስለሆነ ሰሚው ጆሮውን ወደ ምሥጢሩ ያዞራል። እንደዚሁም የገጹ ሥርዓት የታወቀ ሲሆን ጸሐፊዋ ዓይኗን ከቁልፉ ፍለጋ ወደ ፊቷ ወደ ቆመው ሰው ታነሣለች።

በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ወደ ዳባትና ደባርቅ አካባቢ በደረሰ ጊዜ ብዙ ሕዝብ ከቀዬው ተፈናቅሏል። ሰው ከቤቱ ሲነቀል ከብቱን፣ እህሉን፣ ወረቀቱን ጥሎ ሊወጣ ይችላል፤ የማይጥለው ስሙን ነው። ያ ስም በደረሰበት ቦታ ሁሉ መታወቅ አለበት። በ2015 ዓ.ም. የዲጂታል መታወቂያ ዐዋጅ ቁጥር 1284 ሲወጣና ፋይዳ የተባለው ቁጥር ሲሰጥ የታሰበውም አንድን ሰው በየትም ቦታ አንድ ሰው አድርጎ ማወቅ ነው። ይሁን እንጂ ቁጥሩ አንድ ቢሆን፣ የሚጠየቅበት ገጽ በየቢሮው የተለያየ ከሆነ፣ ግማሹ ሥራ ገና አልተሠራም።

ደባርቅ ዛሬ የዩኒቨርሲቲ መቀመጫ ናት። በዚያም ሆነ በሌላው ኮምፒዩተር የሚማሩ ወጣቶች፣ ከውጭ የመጣውን መመሪያ ከማጥናታቸው ጋር የአንድ ብራና ገጽና የአንድ ሞዴል 19 ወረቀት ጐን ለጐን ቢመለከቱ ብዙ ይማራሉ። የቋንቋ መምህራንና ደራስያን ደግሞ ለትእዛዞቹ አንድ ወጥ ቃል በማውጣት ሊያግዟቸው ይገባል። የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎችም ሶፍትዌር ሲገዙ ወይም ሲያሠሩ፣ «ከጐረቤቱ መሥሪያ ቤት ጋር በስም፣ በቀንና በትእዛዝ ይስማማል ወይ?» ብለው ቢጠይቁ ወጪ አይጠይቅባቸውም።

ቁም ጸሐፊው ብራናውን አስቀድሞ ያሰመረው እርሱ ካለፈ በኋላ የሚመጣውን አንባቢ አስቦ ነው። የእኛም ዘመን ጸሐፊዎች፣ በብዕር ፈንታ በቁልፍ የሚጽፉት፣ መስመሩን ማስመር ያለባቸው ከስሜን ተራራ ግማሽ ቀን ተጉዘው የሚመጡትን አዛውንት አስበው ነው። ስማቸውን የሚናገሩት አንድ ጊዜ ነው፤ መዝገቡም አንድ ጊዜ ሲሰማ ሊያውቃቸው ይገባል።